ጧሪ የሌላቸው

ሰኔ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ዛሬም የወረታ ትኬት አላገኘሁም። ከሥራ ሰዓት በፊት መናኸሪያ ደርሼ ተሰለፍሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሰውየው ቀና ብሎ ሳያየኝ «አልቋል» አለኝ። አንዱ አውቶቡሶቹ ለዘመቻ ሄደዋል ይላል፣ ሌላው ጎማ የላቸውም ይላል። ለአባዬ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብሁ ስወጣ ግድግዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና አካለ ስንኩላን በየቀበሌያቸው አመልክተው ካርድ ካወጡ ያለ ክፍያና ያለ ሰልፍ፣ ከፊት ወንበር ይሳፈራሉ ይላል። ታይፒስት ነኝና መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የፊደል ግድፈቱ ነው።

አባዬ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። ታላቅ እህታቸው አክስቴ ሸሪፋ ወረታ ነው የምትኖር፤ በረመዳን ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልተነሳችም። አባዬ በየሳምንቱ አጠገቧ ተቀምጠው ቁርዓን ሊያነቡላት ይፈልጋሉ። እስካሁን የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እኔ ፈቃድ ወስጄ ይዣቸው። በየሳምንቱ ፈቃድ የሚሰጠኝ አለቃ የለም፣ በየሳምንቱ የሁለት ሰው መሳፈሪያም የለኝም። ካርዱ ቢገኝ ረዳቱን አደራ ብዬ ብቻቸውን እልካቸዋለሁ። አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ቀበሌ ሄድሁ። ዝግ ነው። የረቂቅ ሕገ መንግሥቱን ውይይት የሚመሩት ሥልጠና ላይ ናቸው አለኝ ጥበቃው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ዛሬም ሥልጠና። ሮጬ ቢሮ ገባሁ፤ አረፈድሁ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

የቀበሌውን ማኅበራዊ ጉዳይ የሚይዘውን ጓድ አስማማውን አገኘሁት። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የቀድሞ ሥራ ጠየቀኝ። አባዬ ድሮ በሐይቁ ዙሪያ እየዞሩ የዘጌ ቡናና ጨው ይነግዱ እንደነበር ነገርሁት።

«ጧሪ አላቸው?» አለኝ።

«እኔ አለሁ፤ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ።»

«ደመወዝተኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ጧሪ አላቸው» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ፣ «እሳቸው ራሳቸው ልጅ የለኝም፣ ጧሪ የለኝም ብለው ቢፈርሙ ግን እኔ ቤት ለቤት ዞሬ አላጣራም» አለኝ።

ቃል ነው፣ ምን አለበት ብዬ ነበር የወጣሁ። በየቀኑ የሰው ቃል ስጽፍ አይደል የምውል።

ማታ ለአባዬ ነገርኋቸው። እጃቸውን ታጥበው እራት እየጠበቁ ነበር።

«ምን ብዬ ነው የምፈርም?» አሉኝ።

«ልጅ የለኝም ብለው።»

«አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ?»

«ወረቀት ነው እኮ አባዬ። ለመሳፈሪያ ነው።»

እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁ። ቀጥለው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄን በወረቀት ቀብሬ ወረታ ብገባ፣ ሸሪፋ አስያ ደህና ናት ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አሉ። እራቱን በሉ።

የተናደድሁ አይመስለኝም። ደክሞኝ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ሙሀመድአወል መጣ። የውኃ ሥራ መካኒክ ነው፤ የፓምፕ ሞተር ይጠግናል። እኛ ዘንድ ይመጣ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ከአዲስ ዓመት በኋላ፣ ከወረታ አልፎ ማክሰኝት ተመድቧል። ይህን ሊነግረን ነው የመጣ።

በሩ ላይ ሲቆም አባዬ «ግባ ሰዒድ» አሉት። ሰዒድ የዳቦ ቤቱ ሰው ነው። ሙሀመድአወል «ኧረ እኔ ነኝ ሼህ» ሲል ሳቁና ቦታ ሰጡት። ፀሐዩ ከኋላው ስለነበር ነው።

ሲሄድ ሸኘሁት። ሐይቁ ዳር እስካለው ዋርካ ድረስ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እኔም አጠገቡ። ማክሰኝትም የእርሻ ቢሮ እንዳለ፣ ታይፒስት እንደሚፈልግ ነገረኝ። እንደዚያው ነገረኝ፣ ሌላ አላለም። ሌላው ካሁን በፊት ተብሏል፣ መልሴንም ያውቀዋል።

ጎረቤቴ ባንቺአየሁ ልብስ ስታሰጣ አይታን ነበርና ስመለስ «ምን አለሽ?» አለችኝ። «ለማን ትቻቸው ልሂድ?» አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። አባዬ ውስጥ ነበሩ። የሰሙ አይመስለኝም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

የቀበሌ ውይይት። የቀረ ስኳር አይሰጠውም ስለተባለ አዳራሹ ሞልቷል። አባዬ እኔም እሄዳለሁ ብለው መጡ። ዝናብ ስለነበር ክንዴን ይዘው ሄዱ።

አንቀጽ በአንቀጽ ሲነበብ አብዛኛው ሰው እንቅልፍ ይዞታል። መጨረሻ ላይ አስተያየት ሲባል አባዬ እጃቸውን አነሱ። እኔ ቀሚሴ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁ።

«የተነበበው መልካም ነው» አሉ። «ጥያቄዬ አንድ ነው። እህቴን ልጠይቅ ወረታ መሄድ ፈልጌ ልጅ ስላለህ ወንበር የለህም ተባልሁ። ልጅ መውለዴ ጥፋት ከሆነ ይነገረኝና ልወቀው።»

ሰው ሳቀ። መድረኩ ላይ ያለው ካድሬ ይህ ከረቂቁ ጋር አይያያዝም አለ። አባዬ «እሺ» ብለው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ወንበሩ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ኖሮ ሊወድቁ ነበር፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ያዛቸው።

ስንወጣ ጓድ አስማማው ጥላ ይዞ ተከተለን። እኔን ነጠል አድርጎ፣ «በአረጋዊነት አይሆንም። በአካለ ስንኩል በኩል ከሆነ ግን ጧሪ አይጠየቅም፤ የሐኪም ማስረጃ ብቻ ነው» አለኝ። «ዓይናቸው እንዴት ነው?»

«አንዱ ሞራ አለበት።»

«አንድ አይበቃም። ሁለቱም ካልሆነ።»

ሁለቱም አይደለም አልሁት። እሱ ዞሮ ወደ አባዬ አየ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ያሰብሁትን ለመጻፍ እያፈርሁ ነው። ቢሆንም ብያለሁ፣ ልጻፈው። አባዬን ሐኪሙ ፊት የማያዩ ይምሰሉ አልኋቸው። ለአንድ ቀን። ትንሽ ቢያጋንኑ ማንም አይጎዳም፣ አክስቴ ደግሞ እየባሰባት ነው አልሁ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቀጥለው ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

«የማላይ ልምሰል?» አሉ።

«አዎ።»

«አያለሁ እኮ አንቺ ልጅ። ጥርት አድርጌ አያለሁ። ምን ብዬ ልዋሽ?»

ቢሆንም ሐኪም ቤት ለመሄድ እሺ ብለዋል። ሐኪሙ የሚያየውን ያያል አሉ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት ዋልን። ወረፋው ረዥም። የዓይን ሐኪሙ የለም፤ ፅጌ ማርያም የምትባል ነርስ ናት የምታይ። በሩ ክፍት ስለሆነ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። ከፊታችን የነበሩት ባልቴት ጣት ስታሳያቸው «ሦስት ነው ልጄ፣ ሦስት» ይላሉ።

አባዬ ገቡ። ፅጌ ማርያም ጣቷን አሳየቻቸው።

«ስንት ነው አባቴ?»

«ሦስት» አሉ፣ ፈጥነው።

«በመስኮቱ ምን ይታይዎታል?»

«ዝናብ ይዘንባል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ማን ያጣዋል። እሷም ሳቀች። የቀኙን ዓይን ሞራ ጻፈች፤ ለግራው «ያያሉ» ብላ ፈረመች።

እንደዚያ ለምኛቸው። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ክንዴን ሳልሰጣቸው ቀድሜያቸው ሄድሁ። ከኋላዬ ከዘራቸው ድንጋዩን ሲነካ ይሰማኛል። የጎርፍ ቱቦውን ተሻግሬ ጥቂት ስሄድ ድምፁ ቆመ። ዞር ስል አንድ እግራቸው እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ ገብቷል። «ምነው፣ አያዩም እንዴ?» አልኋቸው። በዚህ ቃል ነው ያልኋቸው። እሳቸውም «አስቤው አልነበረም» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ጫማቸውን አጠብሁላቸው። እስካሁን አልደረቀም።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

የወረታ ሹፌር ለባንቺአየሁ ነግሯት፣ አክስቴ ምግብ ትታለች አሉ። ለአባዬ ነገርሁ። መናኸሪያ ሄጄ ትኬት አጣሁ። ለሰኞ ተመለሽ አሉኝ፤ ሰኞ ሥራ አለ።

ስመለስ ሰፈሩ መብራት ጠፍቷል። ቤቱ ጨልሟል። አባዬ አልጋቸው ላይ ቁርዓናቸውን ዘርግተው፣ ገጽ እየገለጡ፣ ድምፅ አውጥተው ይቀራሉ። «በዚህ ጨለማ?» አልሁ። «መብራቱ ደከም ብሏል» አሉኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃል የሚያውቁት ስለሆነ ዓይናቸውን አያስቸግሩም። ኩራዝ አበራሁላቸው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አረፋ። ከሰላቱ በኋላ ሙሀመድአወል ሥጋ ይዞ መጣ። እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ እሱና አባዬ ግቢው ውስጥ፣ ከጉዋቫው ሥር ተቀመጡ። ረዥም ጊዜ ተነጋገሩ። ሳህን ይዤ ስወጣ ዝም አሉ።

ማታ ምን ነበር ወሬው ብዬ ጠየቅሁ።

«ስለ ውኃ ሞተር» አሉኝ አባዬ።

ስለ ውኃ ሞተር ያን ያህል አይወራም። ሙሀመድአወል ሲሰናበተኝ ዓይኔን አላየኝም። ማክሰኝት የሚሄደው መስከረም አጋማሽ ነው። ለመጻፍ ያህል ነው የጻፍሁት።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

አባዬ እጃቸውን በፈላ ውኃ ተቃጠሉ። ብርጭቆው ውስጥ የሚቀዱ መስሏቸው ጣታቸው ላይ ቀዱት። ቢሮ ነበርሁ፤ ባንቺአየሁ ናት የደረሰችላቸው። ይቸኩላሉ።

ማታ ቅባት ስቀባቸው ባንቺአየሁ በር ላይ ቆማ «አስያ፣ አባትሽ እኮ...» አለችና ተወችው።

«እኮ ምን?»

«ምንም። እግዜር ይማራቸው።»

ሰው ነገር ጀምሮ መተው ይወዳል።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ጠዋት ልወጣ ስል አባዬ፣ «ሐኪም ቤት ውሰጅኝ» አሉኝ። እጅዎ አመመዎ ወይ አልሁ። «አይ፣ ለካርዱ ነው» አሉ። ከጎንደር የዓይን ሐኪም መጥቷል ሲባል ከሬዲዮ ሰምተዋል። ለነገ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አለቃዬ ፊቱን አጨማዶ ሰጠኝ።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ያቺው ፅጌ ማርያም ናት፣ ሐኪሙ አጠገቧ ተቀምጧል። ጣቷን አነሳች። አባዬ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው፣ «ልጄ፣ እጅሽን አውርጂ። አላይም» አሏት።

«ባለፈው አይተው ነበር።»

«ባለፈው ከፊቴ የነበረችው ሴት ሦስት ስትል ሰምቼ ነው።»

ሐኪሙ ተነስቶ መጣ። ባትሪ በአንዱ ዓይን አበራ፣ በሌላው አበራ። አባዬ አልጠቀሱም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባቴ?»

«ቀኙ ቀድሞ ሄደ። ግራው ካቻምና ክረምት ደከመ። ዓምና ረመዳን ሲገባ ጨረቃዋን ሌሎች አሳዩኝ፣ እኔ አየሁ አልሁ እንጂ አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ቀንና ማታውን በሙቀቱ ነው የምለይ።»

ሐኪሙ ለእኔ ነገረኝ። ሞራ ብቻ አይደለም፣ የዓይኑ ሥር ደርቋል፣ ቀዶ ጥገና ቢደረግም አይመለስም አለ። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አለ። ከዚያ «አብራችሁ ነው የምትኖሩ?» አለኝ።

አብረን ነው አልሁ።

ማስረጃውን ጻፈልን። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ቢሮ ውዬ አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳላበላሽ አልጻፍሁም። አሁን አባዬ ተኝተዋል።

ከአንድ ዓመት በላይ በዚህች አንድ ክፍል አብሬያቸው ኖሬ አላወቅሁም። ጠዋት ስወጣ በሩ ላይ ተቀምጠው «ዛሬ ሐይቁ ጠቁሯል፣ ጥላ ያዢ» ሲሉኝ ጥላ ይዣለሁ። ነፋሱን ነበር የሚሰሙት። ቀሚሴን አምሮብሻል ብለውኛል። ጥር ላይ ብርሃን ያገኛሉ ብዬ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፤ በማግሥቱ ግንባራቸው ተልጦ አገኘሁና እንቅልፍ ጥሏቸው ነው ብዬ አለፍሁ። እሳቸው አዲሱን ቦታ እየዳበሱ ሲለምዱት ሳምንት ሳይፈጅ አልቀረም። እኔ ከሥራ ስመለስ የለመዱት ብቻ ነው የሚታየኝ።

ባንቺአየሁ ታውቅ ኖሯል። ጓድ አስማማውም ሳያውቅ አይቀርም። ሙሀመድአወልስ? ይህን ልጠይቀው አልችልም።

እኔ ነኝ የማያዩ ይምሰሉ ያልኋቸው። ሳቃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ዛሬ እራት ላይ ይቅር ይበሉኝ ልል ፈልጌ «ጨው በዛበት?» አልኋቸው። «ደህና ነው» አሉ።

ለምን እንደደበቁኝ አልጠየቅሁም። ጎስቋላ መባል ጠልተው ነው። ኩሩ ናቸው። ሌላ ምክንያት አይኖረውም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ለካርዱ ፎቶ ተነሱ። ፎቶ አንሺው «ወደ ሳጥኗ ይመልከቱ አባባ» እያለ ዙሪያቸውን ሲዞር ፊታቸውም አብሮት ይዞራል። በመጨረሻ ከሳጥኑ ጀርባ ቆሞ እያዋራቸው አነሳቸው። ጥሩ ወጥቷል። ሊናገሩ የጀመሩ ይመስላሉ።

ጓድ አስማማው ማኅተሙን ሲመታ «ደስ ይበልሽ» አለኝ። አመሰገንሁት።

መስከረም 6 ቀን 1979፣ ማክሰኞ

አባዬ ሄዱ። ብቻቸውን።

እኔ ላድርስዎ ብዬ ለምኜ ነበር። ካሁን ወዲያ ብቻቸውን የሚለው ነገር ቀርቷል፣ ካርዱም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው እንጂ አልሁ። «ካርዱ የአንድ ሰው ነው» አሉ። ጓዛቸውን ሁሉ፣ ሁለቱንም ጀለቢያ፣ ብርድ ልብሱንም ጭምር እንድሸክፍላቸው አዘዙኝ። ለሁለት ቀን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብል ወረታ ይበርዳል አሉኝ። ወረታ ከዚህ ይልቅ ይሞቃል።

መናኸሪያው ግፊያ ነው። ረዳቱ ካርዱን አይቶ «የፊቱን ወንበር ልቀቁ» ሲል አንድ ሻንጣ የታቀፈ ሰው፣ ሌሊት ወጥቼ የያዝሁት ነው ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው። አባዬ፣ «ልጄ፣ አጠገብህ ከጠጋህልኝ ይበቃኛል፤ ቀጭን ነኝ» አሉት። ሰውየው አያቸው። ከዚያ ተነስቶ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፤ እሱ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ።

በመስኮት ሥር ቆምሁ። ያለሁበትን አያውቁም ብዬ «እዚህ ነኝ» አልሁ። «አውቃለሁ። ሥራሽ ይረፍድብሻል፣ ሂጂ» አሉኝ። አውቶቡሱ ወደ ዓባይ ድልድይ እስኪታጠፍ ቆሜ ነበር። ረፈደብኝ።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ሹፌሩ ተመልሶ፣ በሰላም ገብተዋል፣ የአክስትሽ ልጅ ተቀበላቸው አለኝ። አልሐምዱሊላህ። መንገዱን ሙሉ ስለ ድሮ የሐይቅ ንግድ ሲያጫውቱን ነበር አለ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

አልመጡም። አክስቴ እጃቸውን አለቅ ብላ ነው አሉ።

ሙሀመድአወል ዛሬ ወደ ማክሰኝት ሄደ። ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ተሰናበተኝ፤ ሰው ስለነበር ሰላምታ ብቻ ነው። ሲወጣ፣ «ወረታ ላይ እወርድና ሼሁን አያቸዋለሁ» አለ። ደህና።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

አልመጡም። ቤቱ ሰፊ ነው። ባንቺአየሁ አብሬሽ ልደር አለች፤ እኔ ምን ሆኛለሁ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አክስቴ ሸሪፋ አረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባዬ አጠገቧ ነበሩ፤ ሸሃዳውን እሳቸው ናቸው ጆሮዋ ላይ ያሉላት። ነገ ካልተሳካ ዓርብ እሄዳለሁ። ካርድ የለኝምና ሌሊት መሰለፍ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ወረታ

ዓርብ ከሰዓት ደረስሁ። አባዬ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሰውን በድምፁ እየለዩ ይቀበላሉ። እኔ ገና «አባዬ» ሳልል «አስያ መጣሽ» አሉ። አለቀስሁ፣ ለአክስቴም፣ ለሌላውም።

ዛሬ ድንኳኑ ተነሳ። የአክስቴ ልጅ ሰው ሲቀንስ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አባትሽ እኔ ዘንድ ይቀመጡ» አለኝ። መስጊዱ ከቤቱ አጥር ጋር ነው። ባለፉት ሳምንታት የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ከእሳቸው ቁርዓን ይቀራሉ፤ ኡስታዙ ከሄደ ወዲህ የሚያስቀራ አልነበረም። መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም፤ የተሳሳተውን በጆሮ ይይዙታል። ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሜ ሰማኋቸው። አንዱን አናባቢ ያሳጠረውን ልጅ ደጋግመው አስባሉት፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

እኔ ግን ነገ አብረን እንመለሳለን ብዬ ገባሁ። ምንጣፉ ላይ ብቻችንን ነበርን።

«እኔ ከእንግዲህ እዚህ ነኝ» አሉ። «ስወጣም አስቤው ነው የወጣሁ።»

«እኔ አስከፍቼዎት ነው?»

«አንቺ? አንቺ ምን ታስከፊያለሽ።»

«ታዲያ ዓይንዎትን ለምን ደበቁኝ? ዓመት ሙሉ አባዬ። ለምን አልነገሩኝም?»

ጀለቢያቸው ላይ ያለውን ክር በጣታቸው ፈልገው አገኙና ጠቀለሉት።

«ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነው» አሉ።

የት እቀራለሁ፣ ከምን እቀራለሁ አላልሁም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ታዲያ ሐኪሙ ፊት ለምን ተናገሩት?»

«ሳልነግርሽም ቀረሽ።»

ከዚያ ልጆቹ መጡና ተነሱ። በሩን ሳይዳብሱ ወጡ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ባሕር ዳር ገብቻለሁ። አልጋቸውን ባለበት ተውሁት። ባንቺአየሁ ሻይ ይዛ መጣች፤ ሁሉንም ነገርኋት። «ታዲያ አሁን ለማን ትቻቸው ልትይ ነው?» አለችኝ። ሻዩን ቀዳሁላት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

የማክሰኝቱ እርሻ ቢሮ ለዝውውር ማመልከቻ ይቀበላል። የራሴን ማመልከቻ ራሴ በታይፕ ጻፍሁት። አለቃዬ «ምነው፣ ምን አጣሽብን?» አለኝ። ምንም አላጣሁም አልሁት።

ለሙሀመድአወል በሹፌር ላክሁበት። እሺ ብላለች በል አልሁ። ሹፌሩ ለምኑ ነው እሺ ያልሽ አለኝ። እሱ ያውቀዋል አልሁት። አፍሬ መንገዱን ተሻገርሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ኒካው ከነገ ወዲያ ነው፣ እዚሁ፣ ባሕር ዳር። የሙሀመድአወል ሽማግሌዎች ነገ ይገባሉ። ባንቺአየሁ ግቢውን ጠርጋ ጨርሳለች፤ ወንበር ከሦስት ቤት ለምናለች።

የሚድሩኝ አባዬ ናቸው። ወረታ ድረስ መጥቼ ልያዝዎት ብዬ ልኬባቸው ነበር። ሹፌሩ መልሱን ዛሬ አመጣልኝ። አትምጪ ብለዋል። ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ፣ ብቻቸውን ይመጣሉ።